ነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ርእስ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ የመጀመሪያ መልሴ እምቢታ ነበር። እኔ የኮምፒዩተር ምሁር አይደለሁም። ሙያዬ መጽሐፍ መዝግቦ፣ በየመደቡ ለይቶ፣ በመደርደሪያ አስቀምጦ፣ ለሚፈልገው አንባቢ በሚፈልገው ጊዜ ማድረስ ነው። ኮሚቴው ግን «የምሁሩን ቃል ከመጽሐፍ እናገኘዋለን፤ የቸገረን የተጠቃሚው ቃል ነው» ብሎ ስለ ረታኝ እነሆ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ስለዚህ ከእኔ የምትሰሙት ሊኑክስ ስለሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሰጥ ትምህርት ሳይሆን፣ በአንዲት የክልል ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየዕለቱ ስንሠራበት ያየነው፣ የተጠቀምንበትና የተቸገርንበት ነገር ነው። ጥፋቴንም አልደብቅም፤ ከጥፋቴ የምትማሩት ከልማቴ ከምትማሩት ይበልጣል ብዬ አምናለሁና።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው በኮምፒዩተሩ አካልና እኛ በምንሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ ሁሉን የሚያስተናብር የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። በቤተ መጻሕፍት ብንመስለው አንባቢውም መጽሐፉም አይደለም፤ በሩን የሚከፍተው፣ ወንበሩን የሚደለድለው፣ ማን የትኛውን ክፍል እንዲያይ እንደ ተፈቀደለት የሚያውቀው፣ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ሲጨብጡ የሚገላግለው ሠራተኛ ነው። ሥራውን በደንብ ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ የጎደለ ዕለት ግን ቤቱ በሙሉ ይቆማል።

የሊኑክስ ታሪክ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን አንድ የማተሚያ መሣሪያ ወረቀት በተቀረቀረበት ቁጥር ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን ሊያሻሽል ፈልጎ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ቢጠይቅ ተከለከለ። በእጁ ያለውን ዕቃ እንዳይጠግን መከልከሉ ካሳዘነው በኋላ፣ ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል የተሟላ ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 አስታወቀ። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። የሥራውንም ስም ግኑ አለው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ የአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት በመሥራት ላይ መሆኑን ለሙያ ጓደኞቹ ጻፈላቸው። የግኑ ፕሮግራሞችና የእርሱ እምብርት ተገናኝተው ዛሬ በጠቅላላው ሊኑክስ የምንለውን አስገኙ። ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ ቡድኖች ይህንኑ በየአቅጣጫው አሰናድተው ማቅረብ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቢያን፣ በ2004 ደግሞ ከዴቢያን የተወለደው ኡቡንቱ ወጣ። ዛሬ በእጃችን ያሉት የአንድሮይድ ስልኮች እምብርት ሊኑክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ወዲህ የዓለም 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች መዝገብ በሙሉ በሊኑክስ የሚሠሩትን ብቻ የያዘ ሆኗል። እንግዲህ ሳናውቀው ሁላችንም ተጠቃሚዎች ነን።

ለእኛ ለመጽሐፍ ሰዎች ግን ከታሪኩ ይልቅ የሚማርከው ፈቃዱ ነው። በአማርኛ «በነፃ» ስንል ዋጋ ሳይከፈልበት ማለታችን ነው፤ «ነፃ» ስንል ግን ጌታ የሌለበት፣ እግሩ ያልታሰረ ማለታችን ነው። በአንዲት «በ» ፊደል የሚለያዩትን እነዚህን ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። ሊኑክስ ብዙውን ጊዜ በነፃ ይገኛል፤ ቁም ነገሩ ግን ነፃ መሆኑ ነው። ፈቃዱ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር እንዲያውለው፣ ውስጡን እንዲያጠና፣ እንዲገለብጥና እንዲያድል፣ እንዲያሻሽልም ይፈቅዳል። በዚህ ላይ አንድ ግዴታ ያክላል፤ ይኸውም አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ያንኑ ነፃነት አብሮ መስጠት አለበት፣ ለራሱ የተከፈተለትን በር በሌላው ላይ መዝጋት አይችልም የሚል ነው። አባቶቻችን በብራና መጻሕፍታቸው መጨረሻ ላይ ያሰፍሩት የነበረውን ቃል እዚህ ላይ አስታውሱ። መጽሐፉን መቅዳት የተመሰገነ ሥራ ነበር፤ ጸሐፊ ከገዳም ገዳም እየተዋሰ ይገለብጥ ነበር። የሚወገዘው መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ ነበር። መቅዳትን ባርኮ ከሰው መሰወርን ማውገዝ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ።

በ2006 ዓ.ም. ስምንት ኮምፒዩተሮች ነበሩን። ሁሉም በስጦታ የመጡ፣ አሮጌ፣ ማስታወሻቸው አንድ ጊጋባይት ብቻ የሆነ ነበሩ። የሚሠሩት በዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። የተጫነባቸው ግን ገበያ ላይ ከሲዲ ሻጭ የተገዛ፣ ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነበር። በዚያን ዘመን ይህን ያላደረገ መሥሪያ ቤት ጥቂት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ አንድ ቀን በከተማችን የታወቁ አንድ ደራሲ ወደ ቢሮዬ መጡ። መጽሐፋቸው ከቤተ መጻሕፍታችን እየተወሰደ በአቅራቢያችን ባለው የፎቶ ኮፒ ቤት ሙሉ በሙሉ እየተባዛ መሸጡን ነገሩኝ። እኔም አዘንኩላቸው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ በበራችንም ላይ ማስጠንቀቂያ እንደምንለጥፍ ቃል ገባሁላቸው። ማስጠንቀቂያውን ለመጻፍ አዋጁን ሳነብ ያው አዋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም እንደ መጽሐፍ የሚጠብቅ ሆኖ አገኘሁት። ጽሑፉን የምተይብበት ኮምፒዩተር ራሱ የተሰረቀ ፕሮግራም የተጫነበት ነበር። ያን ዕለት ማስጠንቀቂያውን ሳልለጥፍ አደርኩ።

ባጋጣሚም መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. የኤክስፒ አምራች ለዚህ ምርቱ የሚሰጠውን የደኅንነት እድሳት አቋረጠ። አዲሱን ሥርዓት በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት የሚበቃ በጀት አልነበረንም፤ ቢኖረንም እነዚያ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይሸከሙትም ነበር። ስለዚህ ከኡቡንቱ ወገን ለአሮጌ ኮምፒዩተር ቀለል ተደርጎ የተሠራውን ዙቡንቱ የሚባለውን ለመትከል ወሰንን።

ጥፋቴም እዚህ ላይ ነው። በዚያው ክረምት የተከላውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ከነባሩ ሥርዓት ጎን ልተከል ወይስ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልተከል ብሎ በግልጽ ጠየቀኝ። እኔም አሮጌው ሥርዓት ይጥፋ ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። በዚያው ዲስክ በሌላው ክፍል ላይ የሦስት ዓመት የካታሎግ ሥራችን፣ ወደ 1,400 የሚጠጋ የመጽሐፍ መዝገብ ይገኝ ነበር። ቅጂውን በሌላ ቦታ አላስቀመጥንም። ስነቃ ጊዜው አልፏል። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ማሽኑ ጠይቆኛል፣ እኔ መልሼለታለሁ።

ከዚያ ያወጣን ምን መሰላችሁ? የካታሎግ ክፍላችን አንጋፋ ባልደረባ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት፣ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ «ይቃጠሉ» የተባሉትን የካርድ ሣጥኖች አሻፈረኝ ብለው በዕቃ ግምጃ ቤት አስቀምጠዋቸው ነበር። እርሳቸው ካርዱን እያነበቡ እኔ እየተየብሁ በስድስት ሳምንት ሙሉውን መልሰን አስገባን። በዚያ ስድስት ሳምንት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። በመጨረሻው ቀን ብቻ «ልጄ፣ እንግዲህ ካርዱን አቃጥሉ የሚለኝ አለ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ የካታሎጋችን ቅጂ በየሳምንቱ ዓርብ በሁለት ቦታ ይቀመጣል።

በዕለት ተዕለት ሥራ ያገኘነውን ጥቅም በአጭሩ ልዘርዝር። የመጀመሪያው ከፍላሽ ቫይረስ ያገኘነው ዕረፍት ነው። ተማሪዎቻችን ከቦታ ቦታ በሚያዘዋውሩት ፍላሽ ላይ የሚሰፍረው ቫይረስ የባለቤቱን ፎልደሮች ሰውሮ በምትካቸው የሐሰት ምልክት ያስቀምጣል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ በራሱ አይነሣም፤ የተሰወሩትም ፎልደሮች በእኛ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ወትሮው ይታያሉ። «የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ» ብሎ እያለቀሰ የመጣ ተማሪ ፍላሹን ሰክተን ጽሑፉን ስናሳየው ተአምር ይመስለው ነበር። ይህ ማለት ግን ሊኑክስን ማንም አይደፍረውም ማለት አይደለም፤ እድሳቱን ችላ ያለና የይለፍ ቃሉን በግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤት በማናቸውም ሥርዓት ይዘረፋል።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮቻችን በተደጋጋሚ ፋይል ያበላሹ ነበር። ሊኑክስ የሚጠቀምበት የፋይል አያያዝ በዲስኩ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በአንድ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ መብራት ሲመለስ ያንን መዝገብ አይቶ የተጀመረውን ይፈጽማል ወይም ይተወዋል። ገንዘብ ያዥ መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ ክፈል እንደሚለው መሆኑ ነው። በርግጥ ጸሐፊው ያላስቀመጠውን ደብዳቤ ማንም አያስመልስለትም። ሦስተኛው የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። መስመራችን ቀጭን ስለሆነ ስምንቱም ኮምፒዩተሮች እየራሳቸው እድሳት ማውረድ አይችሉም ነበር። አንዱ ኮምፒዩተር ሌሊት አንድ ጊዜ ያወረደውን ለሰባቱ እንዲያካፍል አደረግነው።

ችግሮቻችንም ብዙ ነበሩ። ዓረፍተ ነገሩን አላሳምረውም። አንድ በስጦታ ያገኘነው ማተሚያ አምራቹ ለሊኑክስ ምንም ስላላዘጋጀለት እስከ ዛሬ የአቧራ ማረፊያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማተሚያ ከመቀበላችን በፊት በሊኑክስ መሥራቱን እናጣራለን። ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚላኩልን ደብዳቤዎች ደግሞ ሌላ ፈተና ነበሩ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ዳሩ ግን ከዚያ በፊት በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች መጻፉ ለብዙ ዓመታት ቀጥሎ ነበር፤ በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። አንድ ጊዜ የስብሰባ ጥሪ እንዲህ ሆኖ ደርሶን ስብሰባው አመለጠን። ስለዚህ ለጻፉልን ሁሉ በዩኒኮድ እንዲልኩልን በትሕትና መለመን ነበረብን። በሊኑክስ ላይ ግን ለአማርኛ የሚሆን ነፃ ፊደል አልቸገረንም፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ሁለቱ ለሁሉም ሥራችን በቅተውናል። ድምፁን በላቲን ቁልፍ ሲመቱት ግዕዙ የሚወጣበትንም የአጻጻፍ ዘዴ በአንድ ሳምንት ተለማመድነው።

የመጽሐፍ መመለሻ ቀን ሌላው ነው። ፕሮግራማችን ቀኑን የሚያትመው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ አንባቢዎቻችን ደግሞ የሚያውቁት የራሳቸውን ስለሆነ፣ የውሰት ክፍሉ ሠራተኛ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያውን ቀን በማኅተም ይመታል። የማሽኑ ምናሌ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ መሆኑም አዲስ ሠራተኛን ያደናግራል።

ከሁሉም የከበደው ግን የሰው ነገር ነበር። እትዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ልጄ፣ እኔ ለጡረታ ጥቂት ዓመታት የቀሩኝ ሰው ነኝ፤ የለመድሁትን አስጥለህ አዲስ ቋንቋ አታስተምረኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰው የለመደውን መንገድ ሲተው የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ በበጀት መዝገብ ላይ ግን አይታይም። ነፃ ነውና ወጪ የለበትም የሚል ሰው ይህን አላሰበበትም።

አሁን የንግግሬ ዋና ወደ ሆነው ነገር ደርሻለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ካታሎጋችንን ኮሃ ወደሚባለው ነፃ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም አዛወርነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በኒውዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት፣ አሮጌው ፕሮግራማቸው የ2000 ዓመትን መለወጫ አይሻገርም ብለው ስለ ሠጉ ያሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሥራ የጀመረና ለዓለም ሁሉ የተለቀቀ ነው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው።

በተከታዩ ዓመት አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፈልጋ መጣች። የመጽሐፉ ስም ጠፍቷት በደራሲው ስም በፍለጋው ኮምፒዩተር ላይ «ሀዲስ አለማየሁ» ብላ ጻፈች። ማሽኑ አንድም መጽሐፍ የለም አላት። ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ እትዬ ጠርተው ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት። መጽሐፉ ከተማሪዋ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ በሦስት ቅጂ ተቀምጦ ነበር። በካርዱ ላይ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ ስለ ተጻፈና እኛም ካርዱን ተከትለን ስላስገባን፣ ማሽኑ ሀንና ሐን፣ አንና ዓን ባዕድ ለባዕድ አድርጎ ቆጠራቸው። እትዬ መጽሐፉን ሰጥተው ከሸኟት በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ካርዴ ሰውን ዋሽቶ አያውቅም» አሉ። ያ ቃል ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። ስንቱ ተማሪ እንዲህ ባዶ እጁን ተመልሶ ይሆን?

ሒሳቡን እስቲ አብረን እንመልከት። የዚህን ደራሲ ስም ስንጽፍ የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ስ ወይም ሥ፤ ሁለት። አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፤ አራት። በመጨረሻ ሁ፣ ሑ ወይም ኁ፤ ሦስት። ስድስት ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ አራት፣ ጊዜ ሦስት፣ 144 ይሆናል። አንድ ሰው፣ ድምፁ አንድ፣ አጻጻፉ 144። ሞክሼ ፊደላት ለሰው ዓይን ቀላል ናቸው፤ ለማሽን ግን ግንብ ናቸው።

ከዚህ ቀደም በነበርንበት በዝግ ፕሮግራም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞን ለአቅራቢው ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ ሳናገኝ ቀርተናል። በኮሃ ግን የምንጽፍለት አለቃ አላስፈለገንም። ፍለጋውን የሚያካሂደው ዜብራ የሚባል ክፍል የትኛው ፊደል እንደ የትኛው እንደሚቆጠር የሚነግረው ሰነድ አለው፤ ሰነዱም ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው። በውስጡ የአውሮፓ ቋንቋዎች ነጥብ ያለባቸውን ፊደላት ከሌለባቸው ጋር የሚያስማሙ መስመሮች ተጽፈዋል። እኛም የራሳችንን መስመር ማከል እንችል ነበር።

ይሁን እንጂ ምን ብለን እንጻፍ? እኔ በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ፊደሉን የሚያውቁት ግን እትዬ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ ናቸውና። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡና «ጻፍ» አሉኝ። የሐ ሰባቱም ወደ ሀ፣ የኀ ሰባቱም ወደ ሀ፣ የሠ ወደ ሰ፣ የዐ ወደ አ፣ የፀ ወደ ጸ፤ አምስት ጊዜ ሰባት ሠላሳ አምስት። በዚህ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ታክሎ ሠላሳ ሰባት መስመር ሆነ። ስለ ኸ ተከራከርን። እኔ ይግባ አልኩ፤ እርሳቸው «የለም፤ በኛ አገር ኸ የራሱ ድምፅ አለው፤ አታፍርሰው» አሉ። ተውነው።

ሌላም ጠንካራ ጥያቄ አነሡ። «ታዲያ የደራሲውን አጻጻፍ ልታበላሽ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው የሙያችን ጥያቄ ነው። መልሱም መዝገቡ አይነካም የሚል ነው። በመጽሐፉ ገጽ ላይ እንደ ተጻፈ እንዲሁ ይመዘገባል፣ እንዲሁም ለአንባቢ ይታያል፤ ሞክሼዎቹ አንድ የሚሆኑት በፍለጋው ማውጫ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ሲሰሙ ተስማሙ።

ሰነዱን አስቀምጠን ብንሞክር ምንም አልተለወጠም። እትዬ ሣቁብኝ። ለካስ ማውጫው በአዲሱ ደንብ ከሥሩ እንደገና መሠራት ነበረበት። ያንን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን «ሀዲስ አለማየሁ» ብለው ራሳቸው ጻፉ፤ ሦስቱም ቅጂ ወጣ። «ሥነ ጽሑፍ»ን በአራት ዓይነት ጽፈው ሞከሩት፤ ሁሉም አንድ መልስ ሰጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ቋንቋ አታስተምረኝ የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ አላበቃም። ከአንድ ዓመት በኋላ ፕሮግራሙን ስናድስ አዲሱ ሰነድ የእኛን ደምስሶ ተተካና ፍለጋው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ለሁለት ወር ያህል አላወቅንም። ስለዚህ በሥርዓቱ ላይ የምናደርገውን ለውጥ ሁሉ ቀኑንና ምክንያቱን ጠቅሰን በአማርኛ የምንጽፍበት ደብተር ከፈትን። ያ ደብተር ዛሬ ከማናቸውም ዕቃችን ይበልጣል፤ ምክንያቱም ነገሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ዕለት፣ ያ ሰው ሲዛወር ቤቱ ዕውር ይሆናል።

ሠንጠረዡን ለሁለት ጎረቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠናቸው። ከመካከላቸው አንደኛው በወሩ መልሶ ጻፈልን፤ «ሗን ወደ ኋ፣ ሧንም ወደ ሷ ማዞር ረስታችኋል» ብሎ። እውነቱን ነበር። ሠላሳ ሰባቱ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአበው ቃል በሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከኒውዚላንድ የመጣውን ስጦታ እኛ በሠላሳ ዘጠኝ መስመር አሳደግነው፤ ማንም አልከለከለንም፣ ማንንም አልለመንም።

ይህን ስል ወደዚህ መንገድ የገባ ሁሉ ይጸናል ማለቴ አይደለም። በጀርመን የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስኖ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን እስከ 2013 አዛውሮ ነበር፤ በ2017 ግን የከተማው ምክር ቤት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። ሠራተኞች ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በሰነድ አለመግባባትን ያማርሩ ነበር፤ የአመራሩም ሐሳብ ከአስተዳደር አስተዳደር ተለዋወጠ። ከዚህ የምማረው፣ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢያምር ከበስተጀርባው የሚቆምለት መሥሪያ ቤትና የሠለጠነ ሰው ከሌለ ብቻውን እንደማይቆም ነው። እኛም ሁለት ጊዜ ልንመለስ ተቃርበን ነበር። ያቆየን ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የምንመለስበት ሕጋዊ መንገድ በጀት ስላልነበረውም ነው። ይህን ደብቄ ብወርድ ንግግሬ ሐቀኛ አይሆንም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 አምራች መደበኛውን ነፃ እድሳት አቁሟል። በየቤተ መጻሕፍቶቻችን ብዙ ኮምፒዩተሮች አዲሱን ሥርዓት መሸከም ስለማይችሉ አርጅተዋል ይባላሉ። እኛ በ2006 ዓ.ም. የቆምንበት መንታ መንገድ ዛሬ በብዙዎቻችሁ ፊት ይገኛል። ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማናቸውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት የካታሎግ ቅጂ በሁለት ቦታ መቀመጡን እንደ ሙያ ግዴታ እንቁጠረው፤ የቀሩትንም ካርዶች አናቃጥል። ሁለተኛ፣ የሞክሼ ፊደላቱን ሠንጠረዥ ማኅበሩ ተረክቦ፣ የግዕዝና የአማርኛ ሊቃውንት አይተውት፣ በግዕዝ ፊደል ለሚጽፉ ሌሎች ቋንቋዎቻችንም የሚስማማው ተለይቶ፣ ለሁሉም ይታደል። በትግርኛ ሐና ሀ፣ ዐና አ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው የእኛ ሠንጠረዥ እዚያ አይሠራም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት በአማርኛ የሚጽፈውን የሥራ ደብተር ለሌላው ያካፍል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ለደራሲው ቃል የገባሁት ማስጠንቀቂያ የስምንቱም ኮምፒዩተሮች ተከላ ባለቀ ማግሥት በበራችን ላይ ተለጥፏል። ዛሬም አለ። እትዬ ከአራት ዓመት በፊት በጡረታ ተሰናብተዋል፤ በሥርዓቱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ሠላሳ ሰባቱ መስመሮች በእጅ ጽሑፋቸው ሰፍረው ይገኛሉ። ከሥሩም ሁለቱ መስመሮች በሌላ እጅ ተጨምረዋል። ገጹ ገና ባዶ ቦታ አለው።